«በሕግ አምላክ» የሚል ሰው ሲቀጠር

ከትምህርት ቤት የሚወጣ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ሲፈልግ ደመወዙን ይጠይቃል፤ የሚመደብበትን አገር ይጠይቃል፤ ዕድገቱ በስንት ዓመት እንደሚመጣ ይጠይቃል። «በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ዓይነት ሥልጣን በእጄ ይገባል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የማይጠይቅበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ አዲስ ገቢ ሥልጣን የለውም። መዝገብ ያመላልሳል፤ ደብዳቤ ያረቃል፤ ያረቀቀውን የክፍሉ ሹም ያርመዋል፤ የታረመውን ደግሞ ዋናው ሹም አይቶ ይፈርምበታል። ስሕተት ቢሠራ ስሕተቱ ከደጅ ሳይወጣ በሦስት ጠረጴዛ ላይ ይጣራል።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ፖሊስነት ነው። በአገራችን ፖሊስ ውስጥ ከሁሉ በታች ያለው ማዕርግ ኮንስታብል ይባላል። ኮማንደሩ በቢሮው፣ ኢንስፔክተሩ በመዝገቡ ላይ ሲሆኑ ጎዳናው የተሰጠው ለዚህ ለኮንስታብሉ ነው። ከምሽቱ በሦስት ሰዓት በመርካቶ፣ በአውቶቡስ ተራ በኩል «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተነሣ እንበል። ሃያ ሠላሳ ሰው አንድ ልጅ ከቦ ይመታል። ስልኬን ተሰረቅሁ የሚል ሰው አለ፤ በዓይኔ አየሁ የሚል ሌላ ሰው አለ፤ ልጁ ግን «እኔ አይደለሁም» እያለ ይምላል። ከሥልጠና ከወጣ ሁለት ወር ያልሞላው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ከዚያ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጁን ከሕዝቡ ዱላ ማውጣት አለበት፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ምስክር ከወሬ አቀባዩ መለየት አለበት፤ ከዚያም ልጁን ወይ መያዝ ወይ መልቀቅ አለበት። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ምናልባት ሦስት ደቂቃ ነው። የሚያርምለት የክፍል ሹም በአጠገቡ የለም።

ጄምስ ኪው ዊልሰን የተባሉ አሜሪካዊ የፖለቲካ ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ፖሊስ ጠባይ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አስተውለውታል። በሌላው መሥሪያ ቤት በራስ አስተያየት የመወሰን ነፃነት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሰፋል፤ በፖሊስ ቤት ግን ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይሰፋል ይላሉ። ነገሩ ለሚያስብበት ሰው ያስደነግጣል። ከሁሉ ያነሰ ልምድ ያለው ሰው ከሁሉ የበለጠ ብቻውን ይወስናል ማለት ነውና።

ሕጉም ቢሆን የሚናገረው ለኮንስታብሉ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሠርቷል ወይም ሊሠራ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረን ሰው ማንኛውም የፖሊስ ባልደረባ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ፈቅዷል። «ማንኛውም» የሚለውን ቃል ልብ እንበል፤ ማዕርግ አልጠራም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 19 የተያዘው ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዝዛል። ያ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ሹሙ በጠዋት ቢሮ ሲገባ አይደለም፤ ኮንስታብሉ እጁን በሰውየው ትከሻ ላይ ባሳረፈ ጊዜ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሰውን ከሕግ ውጭ የያዘውን በአንቀጽ 423፣ በምርመራ ጊዜ የደበደበውን ወይም ያሰቃየውን በአንቀጽ 424 ይቀጣል። እንግዲህ አዲሱ ቅጥረኛ የደመወዙን ልክ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን አንቀጾች ቢያነብ አይጎዳም። ሁሉም ተደምረው ከአንድ የቡና ሰዓት አይበልጡም።

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ባገኘው ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር። በሕግ አምላክ ቢሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ያን ቃል ሰምቶ የሄደ ሰው በደሉ እጥፍ ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመውም ሁሉ አቁሞ ከዳኛ ለማድረስ ይተባበራል። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ከስፍራው ሳይለይ ይውላል፤ እርሻውም፣ ከብቱም፣ ገበያውም ይቀራል። ይህ ሥርዓት የራሱ ግፍ ነበረበት፤ ደካማውና ወገን የሌለው ሰው በብዙዎች አፍ የሚወድቅበት ጊዜ አይጠፋም። ሆኖም ሸክሙ የሁሉ ነበር።

ከተማ ሲሰፋ ግን እንዲህ ያለው ነገር አይሆንም። ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ስፍራ በሕግ አምላክ ቢሉ ማን ይቆማል? በአዲስ አበባ በጥንቱ ዘመን የአራዳ ዘበኛ የሚባሉት ጠባቂዎች የተነሡት ስለዚህ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆነው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተቋቋመ። የዛሬው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ በሰንዳፋ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ «በሕግ አምላክ» የማለቱን ሥራ ሁላችን ለአንድ የደንብ ልብስ ለለበሰ ሰው አስረክበናል፤ ደመወዝም ቆርጠንለታል። ስለዚህ ፖሊስ መቅጠር ጸሐፊ እንደ መቅጠር ያለ ነገር አይደለም። የሁላችንን ቃል የሚሸከም አፍ መምረጥ ነው።

ይህን መምረጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የሎንዶን ከተማ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1829 የእንግሊዝ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ፒል ለሎንዶን አዲስ ፖሊስ አቋቋሙ። የሚመሩትንም ሁለት ሰዎች ሾሙ። አንደኛው በዋተርሉ ጦርነት የዋሉት ኮሎኔል ቻርልስ ሮዋን ናቸው፤ ሁለተኛው ገና በሠላሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የነበሩት ጠበቃ ሪቻርድ ሜይን ናቸው። ወታደርና የሕግ ሰው አንድ ላይ መጣመራቸው የታሰበበት ይመስላል። ለቅጥር የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ ዕድሜው ከ35 ዓመት በታች የሆነ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ያህል የሚደርስ፣ ጤናማ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው ይምጣ አሉ። ደመወዙ በሳምንት 21 ሽልንግ ነበር። ይህም ለአንድ የእጅ ባለሙያ የሚያስጎመጅ አልነበረም። ሕዝቡ ወታደር መጣብን ብሎ እንዳይሸበር ልብሱ እንደ ጦር ሠራዊቱ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ሆነ። ጠመንጃ አልተሰጣቸውም፤ የእንጨት ዱላና ሰውን ለእርዳታ የሚጠሩበት የሚንጫጫ መሣሪያ ብቻ ያዙ።

መስከረም 29 ቀን 1829 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) በምሽት የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ወደ ጎዳና ወጡ። ቁጥር አንድ የሚል መታወቂያ የተሰጠው ሰው በሥራው የቆየው ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር። ሰክሮ ተገኘና በዚያው ቀን ተባረረ! ከመጀመሪያዎቹ 2,800 ያህል ቅጥረኞችም በሥራቸው የጸኑት 600 ያህል ብቻ መሆናቸው ይነገራል። ብዙዎቹን ያስወጣቸው መጠጥ ነው። እንግዲህ ቁመት ተለክቷል፤ ዕድሜ ተጠይቋል፤ ንባብ ተፈትኗል፤ የምስክር ወረቀትም ቀርቧል። የቀረው ምን ነበር? የቀረውማ ሰውየው ብቻውን በጨለማ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበር። ይህን የሚለካ ሜትር በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ዛሬም በገበያ አይሸጥም።

ሆኖም ሁለቱ አለቆች በሁለት ነገር አልተሳሳቱም ባይ ነኝ። አንደኛው ለፖሊሶቹ በጻፉት መመሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ባሕርይ ቁጣን መግዛት መሆኑን መግለጻቸው ነው፤ ፖሊሱ ሰው ሰደበኝ ብሎ እንዳይነሣሣ አስጠነቀቁ። ሁለተኛው ምልጃን መከልከላቸው ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሥራ የሚገኘው በመኳንንት ደብዳቤ ነበር። ለአዲሱ ፖሊስ ግን የጌታ እገሌ አሽከር፣ የእመቤት እገሊት የአጎት ልጅ መሆን እንዳይጠቅም ተደረገ።

እኛ ደጅ መጥናትን የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተርጓሚ አያሻንም። ሥራ ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ቤት የምታውቀው ሰው አለህ ወይ?» ብሎ አይደለምን? በሌላ መሥሪያ ቤት በዘመድ የገባ ሰው ቢበዛ ሥራ ያበላሻል፤ ለሚገባው ሰው የሚሆነውን ወንበርም ይይዛል። በፖሊስ ቤት ግን ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው። በምልጃ የገባ ኮንስታብል ገና የደንብ ልብሱን ሳይለብስ ባለዕዳ ሆኗል። ያስገባው ሰው ልጅ ሰክሮ መኪና ሲነዳ ባገኘው ሌሊት ዕዳው ይጠየቃል። በገንዘብ የገባውማ የከፈለውን ከመንገደኛው ሊያወጣ ይቸኩላል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ክፉ ተረት ምክር አድርጎ የያዘው ያን ዕለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ማስታወቂያ ሲወጣ የትምህርት ደረጃ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ከወንጀል ነፃ መሆን፣ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ለመሥራት ፈቃደኛ መሆን ይጠየቃል። ስለ ሩጫውና ስለ አካል ብቃቱ ብዙ አልናገርም። ሦስት ወር አስቀድሞ በየማለዳው የሮጠ ሰው ያልፋል፤ ከማስታወቂያው በኋላ የጀመረ ሰው ያነክሳል፤ በዚህ ላይ ምሥጢር የለውም። ብዙ ወጣት የሚጨነቀው ስለዚሁ ብቻ ነው፤ ስፖርት ሜዳ የሚያጠፋውን ሰዓት አንድ አሥረኛ እንኳ ለቀሩት ሁለት ነገሮች አይሰጥም።

ከሁለቱ አንዱ ቃለ መጠይቁ ነው። «ለምን ፖሊስ ለመሆን ፈለግህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ «አገሬንና ሕዝቤን ለማገልገል» ይላል። መልሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጠያቂው ጠዋት የሰማውን ከሰዓትም ሲሰማው ይውላልና በጆሮው አይገባም። ሥራ አጥቶ የመጣም ሰው ሥራ አጥቼ ነው ቢል ነውር የለበትም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን የሚያላልብ ነው፤ ወንድምህን በወንጀል ላይ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ? የበላይህ ከሕግ ውጭ ሰው ምታ ቢልህስ? እዚህ ላይ ጀግና ለመምሰል የሚፎክር ሰው ይታወቃል። የሚሻለው እውነተኛው መልስ ነው፤ ወንድሜ ነውና ይከብደኛል፤ ጉዳዩን ሌላ ባልደረባ እንዲይዘው ወዲያው አስታውቃለሁ፤ እኔ ግን አልደብቀውም። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አንቀጽ 424ን ያነበበ ሰው የሚጨነቅበት ምክንያት የለም።

ሌላው የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ነው። በቅጹ ላይ ከዚህ በፊት ተከሰህ ታውቃለህ ወይ፣ ከሥራ ተባረህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ይገኛል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተጣልቶ ጣቢያ ያደረ ልጅ ይህን ባየ ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ማን ያውቃል» ብሎ «የለም» ብሎ ይጽፋል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። የልጅነት ጥል ምናልባት ይታለፍለት ይሆናል፤ ውሸቱ ግን ነገ በፍርድ ቤት ምስክር ሆኖ የሚቆም ሰው ውሸት ነው። አንድ ጊዜ በጽሑፍ የዋሸ ፖሊስ የሰጠውን ቃል የተከሳሽ ጠበቃ እንዴት አድርጎ እንደሚበጣጥሰው የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የፖሊስ ጡረተኛ ሻምበል አሉ። ምልምል ሲመርጡ ምን ይመለከቱ እንደ ነበር ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የሮጠውን አላይም፤ ሩጫውን ሰዓት የያዘው ያየዋል። እኔ የማየው ሰልፉን ነው። ፀሐይ ሲበረታ፣ ምዝገባው ሲዘገይ፣ አንዱ በፊቱ ሲገባበት ምን ይላል? የሚማታ አለ፤ ዝም ብሎ የሚገፋ አለ፤ ደግሞ ‹ወንድሜ፣ ተራህ ከኋላ ነው› ብሎ በቃሉ ብቻ የሚመልስ አለ። እርሱን እጽፈዋለሁ» አሉኝ።

የዩኒቨርሲቲ ምሩቅስ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ? በየቤቱ የሚነሣው ጭቅጭቅ ይህ ነው። ልጁ ማመልከቻ ማስገባቱን ሲናገር እናቲቱ፣ «አንተ ልጅ! ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩህ በብርድ ቆመህ እንድታድር ነው?» ትላለች። አባትየውም «ተወው፤ ዘበኛነት ካማረው ምን እናድርግ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ የሚያስበው የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በምትገኘው በኒው ሎንዶን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ሰው የፖሊስነት ፈተና ተፈትኖ 33 ነጥብ አገኘ። ከተማይቱ ለቃለ መጠይቅ የምትጠራው ከ20 እስከ 27 ያገኙትን ነበርና አልጠራችውም። ምክንያቱም አእምሮው እጅግ የላቀ ሰው ሥራው ሰልችቶት፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ሥልጠና ይዞ ይሄድብናል የሚል ነበር። ሰውየው ከሰሰ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማይቱ ያልተገባ አድልዎ አላደረገችም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ በሕጉ በኩል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ሰው በመሰልቸቱ የሚለቅ ከሆነ ሥራውን እንጂ ሰውየውን መውቀስ ምን ይጠቅማል?

በዚያችው አገር፣ በካሊፎርንያ በርክሌይ ከተማ፣ ኦገስት ቮልመር የተባሉት ሹም ከዚያ ሰማንያ ዓመት አስቀድሞ ተቃራኒውን መንገድ መርጠው ነበር። ቮልመር ራሳቸው ብዙ ትምህርት ያልቀሰሙ፣ ቀድሞ ፖስታ አመላላሽ የነበሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 የከተማይቱ የጸጥታ ሹም ሆነው ተመረጡ፤ በ1908 ለፖሊሶቻቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቀጥሎም ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መካከል ይመለምሉ ጀመር። ሌሎች ከተሞች «የኮሌጅ ፖሊስ» እያሉ ሳቁባቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ከቀጠሯቸው ተማሪዎች አንዱ ኦርላንዶ ዊልሰን ይባል ነበር። ቀን እየተማረ፣ በቀረው ሰዓት ጎዳና እየጠበቀ ትምህርቱን ጨረሰ። እኚህ ሰው በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ጥናት ክፍል ኀላፊ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ የቺካጎ ፖሊስ በሙስና ቅሌት በተናወጠ ጊዜ ለማጽዳት የተጠሩት እርሳቸው ናቸው። ዲግሪ ያለው ሰው በብርድ መቆሙ ያሳፍራል የሚሉ እናቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ልባቸው ጥቂት ሳይረጋ አይቀርም።

ለሴቶች እኅቶቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1910 በሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ሆና ተቀጠረች። በዚያን ጊዜ ፖሊስ መታወቂያውን እያሳየ በከተማው ባቡር በነፃ ይሳፈር ነበር። እርስዋ ባሳየች ጊዜ ግን ትኬት ሰብሳቢው «የባልሽን መታወቂያ ይዘሽ መጣሽ» ብሎ ወቀሳት። መሥሪያ ቤቷም «የሴት ፖሊስ ቁጥር አንድ» የሚል ሌላ መታወቂያ አሠራላት። የደንብ ልብሷንም ራሷ አውጥታ ሰፋች፤ የሚያለብሳት የተዘጋጀ ልብስ አልነበረምና።

በዚህ ወር ወይም በሚቀጥለው ለመመዝገብ የሚያስብ ወጣት ካለ፣ የትምህርት ማስረጃውን ዋናውንና ቅጂውን ለየብቻ ይያዝ፤ ስሙና የአባቱ ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ «ኃይሉ» በአንዱ፣ «ሀይሉ» በሌላው ሆኖ ስንት ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ ተንከራተተ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሩጫው አዲስ ጫማ አይግዛ፤ እግሩ የለመደውን ያድርግ። ሰልፉ ረጅም ነውና በማለዳ ይድረስ፤ ውሃም ይያዝ። አንዱ በፊቱ የገባበት እንደ ሆነም ሻምበሉ ከጥግ ቆመው እያዩት ሊሆን ይችላል።